የሃንጋር ሰው ጠባይ፦ ከጎንደር የተጻፉ ማስታወሻዎች

ሰኞ፣ ጥር 13 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ አዘዞ

የጥምቀት እንግዳ እየተመለሰ ነው። ከማለዳ ጀምሮ ወደ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደው መንገድ በሚኒባስና በባጃጅ ተሞልቷል። የየብሱ መንገድ ስጋት ስላለበት አቅሙ የቻለ ሰው ዘንድሮ በአየር መሄዱን መርጧል። ቤቴ ለማረፊያው ቅርብ ነው፤ ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ ኪው 400 ሊነሣ ሲያጓራ ከተቀመጥኩበት ሆኜ እሰማዋለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ጆሮዬ ግን ዛሬም ሞተሩን ተከትሎ ይሄዳል።

የእህቴ ልጅ ለበዓሉ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሰንብቶ ዛሬ ተሳፈረ። የአውሮፕላን ጥገና ትምህርት ለመግባት የጽሑፉን ፈተና አልፏል፤ የሚቀረው የቃል መጠይቅ ነው። ቡናው ላይ፣ «ጋሼ፣ ሒሳቡንም ፊዚክሱንም ይዣለሁ። ግን ምን ዓይነት ሰው ነው የሚፈልጉት?» ብሎ ጠየቀኝ። አፌን ሳልከፍት እናቱ ቀደመችኝ፤ «ፈጣንና ደፋር ነዋ!» አለች። እሱ ግን ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም። «ላስብበትና እጽፍልሃለሁ» አልኩት።

ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ ነው፤ አብዛኛውን ዕድሜዬን የሠራሁት ደግሞ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ነው። አብረውኝ የሠሩትን ሰዎች አንድ በአንድ ሳስታውስ በችሎታ ብዙም አይለያዩም። ሁሉም ተፈትኖ ፈቃድ ያገኘ፣ ማኑዋል አንብቦ የሚረዳ፣ እጁ የተፍታታ ነው። የሚለያዩት በጠባይ ነው። አንዱ የጀመረውን ሳይጨርስ ሻይ አይጠጣም። ሌላው የጨረሰውን ተመልሶ ሳይነካ ቤቱ አይገባም። አንዱ ለሁሉም እሺ ባይ ነው፤ አለቃው ሦስት ሥራ ቢደራርብበት ሦስቱንም ይቀበላል። አንዱ ከማንም ጋር አያወራም፤ ሥራው ንጹሕ ነው፣ ነገር ግን ምኑን ፈትቶ ምኑን እንደገጠመ ከራሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ሌላው ደግሞ ሰው ፊት «ይህን አላውቀውም» ከሚል ጣቱን ቢቆርጡት ይመርጣል። አውሮፕላኑ በሰላም መግባቱም፣ ሥራው በሰዓቱ ማለቁም፣ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በእነዚህ ልዩነቶች ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የሰውን ጠባይ በአምስት ትላልቅ መስመሮች ይመድቡታል፦ ጥንቁቅነት፣ ከሰው ጋር መስማማት፣ ተጫዋችነት፣ ለጭንቀት ቅርብ መሆን፣ ለአዲስ ነገር ልብን መክፈት። ባሪክና ማውንት የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1991 ከዚያ በፊት የተሠሩ ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ በተመለከቷቸው የሥራ ዓይነቶች ሁሉ ከሥራ ውጤት ጋር አብሮ የሚሄደው ጠባይ ጥንቁቅነት ሆኖ አገኙት። ክላርክና ሮበርትሰን የተባሉ እንግሊዛውያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ያንኑ መንገድ ተከትለው አደጋን መረመሩ። ጥንቁቅነትና መስማማት የጎደለው ሰው ወደ አደጋ እንደሚቀርብ አሳዩ።

ጥንቁቅነት በሃንጋር ውስጥ የሚታይ፣ የሚዳሰስ ነገር ነው። ሥራ ከመጀመር በፊት መፍቻውን፣ ካቻቪቴውን፣ ፒንሳውን ቆጥሮ መውሰድ፣ ሲጨርሱ ቆጥሮ መመለስ፣ አንድ ቢጎድል እስኪገኝ ድረስ አውሮፕላኑን አለመልቀቅ ነው። መቶ ጊዜ የሠሩትን ሥራ መመሪያውን ገልጦ እንደገና ማንበብ ነው። ብሎኑን «በቃ፣ ጠብቋል» ብሎ በክንድ ከመገመት በቶርክ ሬንች ልክ ማጥበቅ ነው። ከሁሉም በላይ፣ ዓይን ያላየውን ሥራ በፊርማ አለማጽደቅ ነው።

በአንድ ሃንጋር አንድ ዝምተኛ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ። አለቃችን የሰውን ጉብዝና የሚለካው በቀን በተዘጉት የሥራ ካርዶች ብዛት ስለነበረ ይህ ሰው ሁልጊዜ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ይሰለፍ ነበር። ብዙ ካርድ ዘግተው የሚመሰገኑት ሰዎች ሥራ ግን በማግሥቱ ይመለሳል። አንዱ ዘይት ያንጠባጥባል፣ የአንዱ ሽቦ በትክክል አልተሰካም፣ የሌላው መዝገብ ያልተፈረመበት ቦታ አለው። ያንን ለማቃናት ሁለት ሰው ይመደባል፤ አውሮፕላኑም መንገደኛ እየጠበቀው መሬት ላይ ይቆማል። የዝምተኛው ሥራ አይመለስም ነበር። ስለ ምርታማነት የሚናገር ሰው ዛሬ የተዘጋውን ብቻ ሳይሆን ነገ የሚመለሰውንም አብሮ መቁጠር አለበት።

ፍጥነት ብቻውን ሲመሰገን የሚሆነውን እ.ኤ.አ. ግንቦት 25 ቀን 1979 ቺካጎ ላይ ዓለም አይቶታል። የአሜሪካን አየር መንገድ ዲሲ 10 አውሮፕላን ሊነሣ ሲል የግራ ሞተሩ ከነተሸካሚው ተገንጥሎ ወደቀ፤ 273 ሰዎች ሞቱ። በጥገና ጊዜ ሞተሩንና ተሸካሚውን ለየብቻ ማውረድ ሲገባ፣ አንድ ላይ በፎርክሊፍት ማውረድና መስቀል ተለምዶ ነበር። ይህ አሠራር በአንድ አውሮፕላን 200 ያህል የሥራ ሰዓት ይቆጥባል ተብሎ ነበር። ተሸካሚው የተሰነጠቀው በዚያ አሠራር ነው። ሠራተኞቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ ቶሎ እንዲጨርሱ የሚያደርግ መንገድ ተሰጥቷቸው በዚያው ሄዱ።

ማክሰኞ፣ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ አስተርዮ ማርያም

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የሰማሁት ዜና ቀኑን ሙሉ ደስ አሰኝቶኛል። ጣሊያን «ፀሐይ»ን በይፋ ለኢትዮጵያ አስረከበች። ይህች ትንሽ አውሮፕላን በ1928 ዓ.ም. ግድም፣ በወረራው ሰሞን፣ ሉድቪግ ዌበር በተባለው ጀርመናዊ መሪነት በኢትዮጵያውያን ሠራተኞች እጅ አዲስ አበባ ላይ የተገጣጠመች ናት። ስሟ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ የልዕልት ፀሐይ ነው። ጣሊያኖች ወስደዋት ከ80 ዓመት በላይ በአገራቸው ቆየች።

ስለ ፀሐይ ሲወራ የንጉሠ ነገሥቱና የመሐንዲሱ ስም ይነሣል። እንጨቱን የላጉ፣ ብረቱን የቀጠቀጡ፣ ብሎኑን ያጠበቁ አበሾች ስም ግን አይነሣም። ለእኔ ይህ ተራ ነገር አይደለም። በአገራችን በእጁ የሚሠራ ሰው ሲናቅ ኖሯል። ከጎንደር ወጣ ብላ በደባርቅ መንገድ ላይ ባለችው ወለቃ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ማረሻችንን የሚሠሩ፣ ሸክላችንን የሚያበጁ ባለሙያዎች ነበሩ። የተሰጣቸው ዋጋ ግን ቡዳ መባልና ከማኅበር መገለል ነበር። አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ ንቀቱ ግን በሌላ መልክ ቀርቷል። ዛሬም ልጁ መካኒክ ሆነ ሲባል ፊቱን የሚያጠቁር አባት አለ።

ይህን የማነሣው ክብርና ጥንቃቄ ስለሚተሳሰሩ ነው። የተናቀ ሰው ድምፁን አያሰማም። አለቃው «አንተ ምን ታውቃለህ» ሲለው የኖረ ሠራተኛ ስንጥቅ ቢያይ እንኳ ለመናገር ያመነታል። አየር መንገዳችን በ1938 ዓ.ም. ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር ተዋውሎ ሥራ ሲጀምር ከዋና ዋናዎቹ መካኒኮች ብዙዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ። ቦታው ቀስ በቀስ በኢትዮጵያውያን የተያዘው ትምህርት ቤት ተከፍቶ፣ ለሙያው ፈቃድና ማዕረግ ተሰጥቶ፣ ጥገና የሚከበር ሥራ ስለተደረገ ነው። የእህቴ ልጅ ዛሬ በፈተና ተወዳድሮ የሚገባበት ሙያ የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ከትናንት ወዲያ የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ስለ አላስካው አውሮፕላን የመጀመሪያ ሪፖርቱን አወጣ። የልደት በዓል ሊገባ ሲል፣ ታኅሣሥ 26 ቀን፣ የአላስካ አየር መንገድ አዲስ 737-9 አውሮፕላን 177 ሰዎች ይዞ ከፖርትላንድ ተነሥቶ ገና ከፍታ እየያዘ ሳለ፣ ጥቅም ላይ ያልዋለ የበር ቦታ የሚዘጋው መድፈኛ ተገንጥሎ ወጣ። ጎኑ ተከፍቶ ሳለ ተመልሶ አረፈ፤ የሞተ ሰው የለም።

ሪፖርቱን ያነበብኩት እንደ ጥገና ሰው ነው። መድፈኛው ወደ ላይ እንዳይንሸራተት የሚይዙት አራት ብሎኖች ናቸው። አውሮፕላኑ ሬንተን ከሚገኘው የቦይንግ ፋብሪካ ሲወጣ አራቱም አልነበሩም። መድፈኛው የተከፈተው አጠገቡ የተበላሹ አምስት ሪቬቶች እንዲጠገኑ ነበር። ሪቬቶቹ ተጠገኑ፤ መድፈኛው ተዘጋ፤ ብሎኖቹ አልተመለሱም። ከጥገናው በኋላ የተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ከአራቱ የሦስቱ ብሎኖች ቦታ ባዶውን ይታያል። ፎቶውን የተለዋወጡት ሠራተኞች ግን የሚነጋገሩት ስለ ሌላ ጉዳይ፣ የካቢኔውን ውስጥ መልሶ ስለማልበስ ነበር።

ብሎን የረሳው ማን ነው ከሚለው ይልቅ የሚያሳስበኝ ሥራው በሰዎች መካከል እንዴት እንደተከፋፈለ ነው። አንዱ ሪቬት ይጠግናል፣ አንዱ መድፈኛ ይከፍታል፣ አንዱ ይዘጋል፣ አንዱ ያለብሳል። እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ አሳምሮ ቢሠራም «የተፈታው ሁሉ ተመልሷል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ከሌለ አውሮፕላኑ ጎዶሎውን ይወጣል። በሃንጋር ይህን የሚጠይቀው ወረቀት ነው፤ የተፈታ ነገር ሁሉ ይጻፋል፣ የተጻፈው ሁሉ እስኪፈረምበት ድረስ ሥራው ክፍት ነው። የሺፍት ርክክብም እንደዚሁ ነው። ተረካቢው በአፍ ብቻ «አልቋል» ከተባለ ምንም አልተረከበም። ከሰው ጋር መነጋገር የማይወድ ሠራተኛ፣ እጁ ምንም ያህል ቢባረክ፣ አደጋ የሚያመጣው እዚህ ላይ ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ጎንደር

ወዳጄ ጋራዥ ሄጄ አረፈድኩ። እህል የጫነ አይሱዙ ለፍሬን ሥራ ገብቶ ነበር። ወደ ደባርቅ ወጥቶ በሊማሊሞ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርድ ነው። ሊማሊሞን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ከደባርቅ ደጋ ወደ ቆላው በገደል ጠርዝ እየተጠማዘዘ የሚወርድ፣ ጣሊያን የጠረገው መንገድ ነው። ሹፌሩ በከባድ ማርሽ ካልያዘው፣ ፍሬን ብቻ እየረገጠ ከወረደ፣ ሸራው ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። ሹፌሩ ቸኩሏል፤ በየደቂቃው ሰዓቱን ያያል።

ረዳቱ ልጅ ከመኪናው ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ጋሼ፣ የኋላ ግራውን ዳዶ ሳላጠብቀው የቀረሁ ይመስለኛል። ስልክ ሲጠሩኝ ነው የተነሣሁት» አለው። ሹፌሩ ጮኸ። ወዳጄ ግን፣ «ጎሽ! ግባና እንደገና ከመጀመሪያው ጀምር» አለው። ልጁ ተመልሶ ገባ፤ ሁሉንም ጎማ ዞሮ ነካካ፤ ወዳጄም ራሱ ተከትሎ አየው። መኪናው ዘግይቶ ወጣ።

በአውሮፕላን ጥገናም ሥራ ተቋርጦ ሲመለሱ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሶ መጀመር የሚባል ልማድ አለ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አእምሯችን ያሰበውን እንደሠራው አድርጎ ያስታውሰዋል። ከዚህ ልማድ የሚበልጠው ግን የልጁ አፍ ነው። አላጠበቅሁም ያለው በሹፌሩ፣ በአለቃው፣ በእኔ በእንግዳው ፊት ነው። ይህን ያስቻለው የራሱ ጠባይ ብቻ አይመስለኝም፤ ወዳጄ ልጆቹን እንዲህ ሲሉ ሰድቧቸው አያውቅም። በዚያ ጋራዥ እውነት መናገር ዋጋ አያስከፍልም፤ መኪናውም በሰላም ይወርዳል።

ሰኞ፣ የካቲት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

የእህቴ ልጅ ማታ ደወለ። እስካሁን የጻፍኩትን ልኬለት ስለነበር ጥያቄውን አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። «ጋሼ፣ ጥንቁቅ ሰው ሁሉን ይፈታል ማለትዎ ነው?» አለኝ። አይደለም አልኩት፤ የብሪቲሽ ኤርዌይስ 5390ን ታሪክም ነገርኩት።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 10 ቀን 1990 ከበርሚንግሃም ወደ ስፔን የተነሣ ቢ.ኤ.ሲ. 1-11 አውሮፕላን 13 ደቂቃ ያህል እንደበረረ የዋና አብራሪው የፊት መስተዋት ተነቅሎ ወጣ። ዋና አብራሪው ቲም ላንካስተር እስከ ወገቡ ወደ ውጭ ተጎተተ። የበረራ አስተናጋጆች እግሩን ይዘው ተረዳዱ፤ ረዳት አብራሪው አላስቴር አቺሰን አውሮፕላኑን ሳውዝሃምፕተን አሳረፈው። ላንካስተር ከሞት ተርፎ ወደ በረራ ተመለሰ።

መስተዋቱ የተቀየረው ከበረራው አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ከተገጠሙት 90 ብሎኖች 84ቱ ቀጭኖች ነበሩ፤ የቀሩት ስድስቱ አጭሮች ነበሩ። ብሎኖቹን የመረጠው የሺፍቱ ኃላፊ ነው፤ የክፍሎችን ዝርዝር መዝገብ ከመመልከት ከአሮጌው ብሎን ጋር በዓይኑ አስተያይቶ መረጠ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰው ለዚያ መስተዋት የሚሆነው የትኛው ቁጥር እንደሆነ ነግሮት ነበር፤ ግን አጥብቆ አልተከራከረም። ኃላፊው የቀረውን ብሎን ፍለጋ ወደ ሌላ፣ ብርሃኑ ደካማ ወደሆነ መደርደሪያ ሄደ። መቆሚያው ስለማይመች ብሎኑ ቀዳዳውን በልኩ አለመሙላቱን ማየት አልቻለም። ሥራውን ሌላ ሰው እንዲፈትሸውም ደንቡ አያስገድድም ነበር።

«ሰውየው ግድየለሽ ነበር?» አለኝ። እዚህ ላይ ነው ቁም ነገሩ። ሰውየው ልምድ ያለው፣ በሥራው የተመሰገነ፣ ሰው ሲያንሰው ራሱ መፍቻ ይዞ የሚወጣ ነበር። ኃላፊነት ተሰምቶት ሥራውን ለጠዋት ሊያደርስ ለብቻው ገባበት። በራስ መተማመኑና ትጋቱ፣ ሁለቱም መልካም ጠባዮች፣ ከሚፈትሽ ዓይንና ከሚከራከር ድምፅ ሲለዩ ወደዚያ ወሰዱት። በአሜሪካ የአውሮፕላን ቴክኒሻኖችን ጠባይ ያጠኑ ሰዎችም ስለ ሙያችን ሰዎች ተመሳሳይ ነገር ጽፈዋል፤ ለጥራት የሚሟገቱ፣ የሚታመኑ፣ ነገር ግን እርዳታ መጠየቅ የማይወዱ፣ ሐሳባቸውን በሆዳቸው የሚይዙ ናቸው ይላሉ። እኔም ከእነዚህ ጋር ዕድሜዬን ስለጨረስኩ እመሰክራለሁ።

ስለዚህ ጥንቁቅ ሰው ብቻውን አይበቃም። ጥንቁቅ ሰው ሌላ ጥንቁቅ ሰው ያስፈልገዋል። የአውሮፕላን መቆጣጠሪያዎችና ሌሎች ወሳኝ ክፍሎች ሲጠገኑ አንዱ የሠራውን ሌላ ባለሙያ ለብቻው እንዲያይ የሚደረገው ሠራተኛው ስላልታመነ አይደለም፤ የማንም ዓይን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይደክማል።

ዓርብ፣ የካቲት 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ነገ ዓድዋ ነው። ጎረቤቴ ነርስ ናት፤ ከሌሊት ሥራ መጥታ እናቷ ዘንድ ቡና ስትጠጣ ተገናኘን። ቀዶ ጥገና ከመጀመሩ በፊት በክፍሉ ያሉት ሁሉ ስማቸውንና ሥራቸውን እንደሚናገሩ፣ በመጨረሻም ጨርቁና መሣሪያው እንደሚቆጠር አጫወተችኝ። «ጋሼ፣ ትልቁ ዶክተር ፊት ስሜን ከፍ አድርጌ ከተናገርኩ በኋላ፣ አንድ ጨርቅ ጎድሏል ለማለት አይከብደኝም» አለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ባለ 19 ነጥብ ዝርዝር ነው፤ ሐሳቡ የመጣውም ከአቪዬሽን ነው።

የእኛ ሰው ጨዋ ነው። ታላቁን ያከብራል፣ ሰው ፊት ሰው አያሳፍርም፣ ይሉኝታ ይይዘዋል። በዚህ ጠባይ ተዋደን ኖረናል፤ እንዲጠፋ የምመኝ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ሃንጋር ውስጥ ታናሹ ታላቁን «ቆይ!» የሚልበት ሰዓት አለ፤ ይህ ሰዓት ሲመጣ ዝምታ አክብሮት አይደለም። የካናዳው ጎርደን ዱፖንት እ.ኤ.አ. በ1993 የጥገና ስሕተት የሚያመጡ 12 ነገሮችን ሲዘረዝር ድካምን፣ ጫናን፣ መዘናጋትን፣ የመግባባት ጉድለትን ከጻፈ በኋላ ደፍሮ አለመናገርንም አንድ ራሱን የቻለ ምክንያት አድርጎ አስገብቶታል።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 28 ቀን 1988 ሃዋይ ላይ የአሎሃ አየር መንገድ 737 አውሮፕላን በበረራ ላይ ሳለ የጣራው ሰፊ ክፍል ተገሽልጦ ሄደ። አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሞተች፤ ብዙዎች ቆሰሉ። አውሮፕላኑ 89,680 ጊዜ ተነሥቶ ያረፈ ያረጀ ነበር፤ ስንጥቆቹ በምርመራ አልተገኙም። አንዲት ተሳፋሪ ግን ስትሳፈር በሩ አጠገብ ስንጥቅ አይታ ነበር። ለማንም አልተናገረችም። ባለሙያዎቹ ያውቃሉ ብላ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አስባለሁ፤ ብዙዎቻችን የምናደርገው ይህንኑ ነው።

አክባሪነትና ደፋርነት ተጣልተው መኖር የለባቸውም። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ይህን ብሎን አብረን ብናየው» ማለት ይቻላል። ዓረፍተ ነገሩ ትሑት ነው፤ ሥራውን ግን ያቆማል። ወጣት ቴክኒሻኖችን ሳሠለጥን ይህችን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብለው እንዲለማመዷት አደርግ ነበር።

ሐሙስ፣ የካቲት 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ትናንት የአሜሪካው ቦርድ ሊቀመንበር ጄኒፈር ሆሜንዲ በሴኔት ቀርበው ሲናገሩ፣ የዚያ የአላስካው አውሮፕላን መድፈኛ መከፈትና መዘጋት የተመዘገበበት ሰነድ ቦርዱ እንዳላገኘ ገለጹ። የበሮቹን ሥራ የሚሠራው የፋብሪካው ቡድን 25 ሰው ነበረው፤ ጽሑፍ ከሌለ ከእነሱ ማን እንደሠራው አይለይም። ብሎኖቹ ጎደሉ ብቻ ሳይሆን፣ መጉደላቸውን የሚያሳየው ጽሑፍም ጎደለ ማለት ነው።

ጽሑፍ የሚጎድለው መቼ ነው? ከሠራሁባቸው ቦታዎች እንዳየሁት ሁለት ጊዜ ነው። አንደኛው ሰው ሲቸኩል፣ ሁለተኛው ሰው ሲፈራ። በአንድ ቤት ስሕተቱን የጻፈ ሠራተኛ ደመወዙ ሲቆረጥ አይቻለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ቤት የሚመዘገብ ስሕተት አነሰ፤ የሚሠራው ስሕተት ግን አልቀነሰም። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የአደጋ ምርመራ ዓላማ ዳግመኛ እንዳይደርስ መከላከል እንጂ ጥፋተኛ መለየት አይደለም ብሎ በሕግ ያስቀመጠው ይህን አይቶ ነው። አውቆ የሚያጠፋ ሰው ይጠየቅ፤ ተሳስቶ የተናገረን ሰው ግን የሚቀጣ አለቃ የራሱን ዓይን ነው የሚያጠፋው።

እሑድ፣ መጋቢት 1 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ አዘዞ

ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል። ዛሬ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 የወደቀበት አምስተኛ ዓመት ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ተነሥቶ ስድስት ደቂቃ ያህል ከበረረ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ 157 ሰዎች አለቁ። ዋና አብራሪው ያሬድ ጌታቸው የ29 ዓመት፣ ረዳቱ አህመድኑር መሐመድ የ25 ዓመት ወጣት ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማር።

አውሮፕላኑ ወደ መሬት የተደፈቀው ኤምካስ የተባለው ሥርዓት በአንድ ማዕዘን ለኪ ሴንሰር ብቻ ተመርቶ አፍንጫውን ወደ ታች እንዲገፋ ሆኖ የተሠራ ስለነበር ነው። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 2018 ኢንዶኔዥያ ላይ የላየን ኤር 610 አውሮፕላን በዚያው ሥርዓት ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል። በዚያኛው ጥገናም ድርሻ ነበረው። የተተካው ሴንሰር 21 ዲግሪ ያህል የተዛባ ነበር፤ ከተገጠመ በኋላ በትክክል መፈተሹን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አልተገኘም። በዋዜማው ያንኑ አውሮፕላን ያበረሩት ሰዎች በረራው ሙሉ መሪው በማስጠንቀቂያ እንደነዘረ በመዝገቡ አልጻፉም። መካኒኩ ያላነበበውን ሊጠግን አይችልም።

ከእነዚህ ሁሉ አደጋዎች በኋላ ለእህቴ ልጅ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። የሚፈለገው ሰው ፈጣኑ አይደለም፤ የማይፈራውም አይደለም። ሥራውን ሺህ ጊዜ ሠርቶትም መመሪያውን የሚያነብ፣ የሠራውን የሚጽፍ፣ ያልሠራውን አልሠራሁትም የሚል፣ ሌላ ሰው ሥራውን ሲፈትሽበት የማይከፋ፣ ታላቁን አክብሮ የሚያስቆም ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው በቀኑ ጥቂት ካርድ ሊዘጋ ይችላል፤ በዓመቱ ግን ከሁሉም የበለጠ ያመርታል።

ይህ ጠባይ ከልጅ ጋር ሊወለድ ይችላል፤ የሚያድገው ወይም የሚሞተው ግን በእኛ እጅ ነው። ልጁን «አላወቅሁም» ሲል የሚቆጣ አባት፣ ተማሪው ሲጠይቅ የሚያሸማቅቅ መምህር፣ ረዳቱ «አላጠበቅሁም» ሲል የሚሳደብ የጋራዥ ባለቤት፣ ሠራተኛው ሥራ ሲያስቆም ደመወዝ የሚቆርጥ ኃላፊ ሁሉ ነገ በሰማይ ለሚጓዙ ሰዎች አደጋ እያዘጋጀ ነው። አንባቢዬ ሆይ፣ በቤትህም በሥራህም ከአንተ በታች ያለ ሰው «ቆይ፣ ይህ ነገር ልክ አይደለም» ቢልህ አመስግነው፤ ከዚያም ሥራውን አቁመህ አብራችሁ እዩት።